አፍንጫው የተደፈነ ግንብ

ግንበኛው አወቀ በየክረምቱ የሚፈጽመው አንድ ልማድ አለው። ነሐሴ ሲጋመስና ዝናቡ ማባሪያ ሲያጣ መሮውንና መዶሻውን በማዳበሪያ ከረጢት ይጠቀልላል፤ ቱንቢውን ከነክሩ ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ከዚያም በጎንደር ከተማ የሠራቸውን የድጋፍ ግንቦች አንድ በአንድ እየዞረ ይጠይቃል። «እጠይቃለሁ» የሚለው ራሱ ነው። ሰው የታመመ ወዳጁን እንደሚጠይቅ፣ እርሱም የግንቡን ጎን ይዳብሳል፤ ውኃ እንዲያስወጡ በተተዉት ቀዳዳዎች ጣቱን ሰድዶ እርጥበታቸውን ይመረምራል። እነዚያን ቀዳዳዎች «አፍንጫ» ይላቸዋል። በክረምት አፍንጫው የሚያንጠባጥብ ግንብ ጤነኛ ነው። በዝናብ መካከል ደርቆ የቆመ ግንብ ግን ለአወቀ እንቅልፍ አይሰጠውም።

ልማዱ የተወለደው ከወጣትነት ስሕተቱ ነው። አወቀ የአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ሰው ነው። አባቱ በተዳፋት እርሻቸው ላይ የድንጋይ እርከን ይሠሩ ነበር፤ ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። ውኃው በድንጋዮቹ መካከል እየሾለከ ይወርዳል፤ አፈሩ ከነቡቃያው ይቀራል። አወቀ ጎንደር ወርዶ ሲሚንቶ ማቡካት በተማረ ጊዜ ግን ይህን ሥራ ናቀው። አገሩ ተመልሶ ከበጎቹ በረት በላይ አንዲት ቀዳዳ የሌላት የሲሚንቶ ግንብ ሠራና መንደሩን ሁሉ ጠርቶ አሳየ። አባቱ ግንቡን ዞረው ካዩ በኋላ፣ «ሸጋ ነው። ውኃውሳ በየት ይውጣ?» አሉት። አወቀ ሳቀ። ዝናብ በዘነበ በዐሥራ አንደኛው ቀን ግንቡ በጎቹ ላይ ተደረመሰ። አባቱ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩትም፤ ፍርስራሹን ሲለቅም ጎንበስ ብለው አብረውት ለቀሙ። ዝምታ ከቁጣ የበለጠ እንደሚያስተምር አወቀ የተረዳው ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሠራው ግንብ ሁሉ መሠረቱ ከአለት ይደርሳል፤ ፊቱ ወደ ዳገቱ አንድ ስንዝር ያዘነብላል፤ ከጀርባው ጠጠር ይሞላለታል፤ በየሁለት ክንዱ አፍንጫ ይተውለታል።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሳያባራ በዘነበ በዘጠነኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አወቀ ቀሐ ሠፈር ከሚገኘው ከሐዲጃ ግቢ ደረሰ። ሐዲጃ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ቤቷ ከዳገት ሥር የተጠጋ ነው። ዳገቱን ገትሮ የያዘላት አወቀ ከሰባት ዓመት በፊት የሠራው ባለ ሃያ አራት አፍንጫ ግንብ ነው። ያን ግንብ ዳገቱ ከገፋው ቤቱን የሚያድነው ሌላ ነገር የለም።

ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። ከግንቡ ጥግ ድንኳን ተተክሎ፣ ከድንኳኑ ሥር ድስት ተጥዶ፣ ሽንኩርት ይላጣል። የሐዲጃ የወንድም ልጅ ያስሚን በማግስቱ ልትዳር ነው።

«አያ አወቀ! እንኳን መጣህ፤ የሽንኩርት ላጭ እጥረት አለብን!» አለችው ሐዲጃ።

የአወቀ ዐይን ግንቡ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ግንቡ አረንጓዴ ሆኗል። እንደ ሳሕን ለስልሷል። ከድንኳኑ ሸራ ሥር ያለው ገጹ ደግሞ ደርቋል፤ ጠብታ የለበትም።

«ምነው ሐዲጃ? አፍንጫዎቹስ?»

«ኡዘይር ነው ያሳመረልኝ። ያ ቀይ ውኃ በግንቡ ላይ ሲዝረበረብ እንግዳ ምን ይለኛል?»

ስሙ ሲጠራ የያስሚን አባት ኡዘይር ከቤት ብቅ አለ። ኡዘይር የሐዲጃ ታናሽ ወንድም ነው፤ ፒያሳ የቀለም ሱቅ አለው። ነጭ ጀለቢያውን ሰብሰብ አድርጎ በኩራት ተናገረ፦

«በገዛ እጄ ነው! ሃያ አራቱንም በሲሚንቶ ጠቀጠቅሁና ልስን ደረብሁበት፤ ከዚያ ከሱቄ ምርጡን ቀለም አለበስሁት። አንተ ሰባት ዓመት ሲያፈስ የኖረ ግንብ ትተህልን ሄድህ፤ እኔ በሁለት ቀን አዳንሁት።»

«አፍንጫውን ደፍነህ ነው ያሳመርኸው?»

«ታዲያ ሙሽራ ንፍጧን እያዝረበረበች ትዳር?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አወቀ ግን አልሳቀም። አግዳሚ ወንበር ጎትቶ ቆመበትና ቱንቢውን በዘንግ ጫፍ ከግንቡ አናት አወረደ። ቱንቢው የግንቡን እግር በነካ ጊዜ፣ በአናቱ በኩል በክሩና በግንቡ መካከል አንድ ሙሉ ስንዝር መኖር ነበረበት። አሁን የቀረው ሦስት ጣት ነው። ከወንበሩ ሲወርድም በአዲሱ ቀለም ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየ።

«ሁላችሁም ከዚህ ውጡ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ድስቱን ተዉት።»

«ኧረ በአላህ! ወጡ ያርራል!» አለች ሐዲጃ።

«ሲሚንቶ እኮ ነው፣ አያ አወቀ፤ ቅቤ አይደለም!» አለ ኡዘይር።

አወቀ ዞሮ አየው። «ጄሶ ተርፎሃል?»

«ሞልቷል።»

«በጥብጠህ አምጣልኝ።»

ጄሶው መጣ። አወቀ ስንጥቁን አሻግሮ እንደ ፕላስተር ለጠፈበት። «ይህ ጄሶ ደርቆ ሳይሰነጠቅ ከቆየ ወደ ሽንኩርታችሁ ተመለሱ፤ እኔም ኡዘይርን በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከተሰነጠቀ ግን ግንቡ ወደ እኛ እየመጣ ነው።»

ጨዋታው ቆመ። ጄሶው ነጣ፤ ደረቀ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ኡዘይር ፈገግ ብሎ አፉን ሊከፍት ሲል «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጄሶው ከመካከሉ ለሁለት ተከፈለ።

ያን ጊዜ ግቢው ተናወጠ! ሴቶቹ ቢላዋቸውን እየጣሉ ወደ በሩ ሮጡ። ሙሽራዋ ያስሚን ሂና በተቀባ እጇ የትልቁን ድስት አንድ ጆሮ ይዛ «አክስቴ፣ ያዥ!» አለች፤ ሐዲጃ ሌላውን ጆሮ አነሣች፤ ወጡ ሳይደፋ ወጣ። ከበሩ ሲደርሱ ሐዲጃ ዞራ ቤቷን አየች። «አያ አወቀ፣ ቤቴ!» አለች።

አወቀ ከምድጃው ከሰል አንሥቶ ወደ ግንቡ ተመለሰ። የኡዘይር ልስን ሥራውን አሳምሮ ስለ ሠራ ቀዳዳዎቹ የት እንዳሉ ደፋኙ ራሱ አያውቅም። አወቀ ግን ክርኑን ከማዕዘኑ ላይ አሳርፎ በክንዱ ለካ፤ ሁለት ክንድ፣ አንድ ምልክት፤ ሁለት ክንድ፣ አንድ ምልክት። የላይኛውን ረድፍ አስቀደመ። ከታች ቢጀምር የተጠራቀመው ውኃ በሙሉ ጉልበቱ ወጥቶ አፈሩን ከግንቡ ጀርባ ጠርጎ ይወስደዋል።

መሮውን ደግኖ ሲመታ ከኋላው እርምጃ ሰማ። ኡዘይር ዲጅኖ ተሸክሞ ቆሟል።

«ተመለስ!»

«አልመለስም። የደፈንሁት እኔ ነኝ።»

አወቀ ሊቆጣ አስቦ ተወው። ስሕተቱን በአፉ ሳይሆን በእጁ የሚያምን ሰው አይመለስም።

ሲሚንቶው በዐራተኛው ምት ተነቀለ። ክንድ የሚያህል ቀይ ውኃ ተወርውሮ ወጣና የኡዘይርን ነጭ ጀለቢያ ከደረት እስከ እግር አለበሰው! ከበሩ ውጭ ያሉት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት።

«አንድ!» ብላ ጮኸች ሐዲጃ።

«ቀለሙ አማረብህ» አለ አወቀ፣ መዶሻውን ሳያቆም። «ከየትኛው ሱቅ ነው?»

ኡዘይር እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። አንዱ ይመታል፣ ሌላው በዲጅኖ ይጎለጉላል። በተከፈተ ቁጥር እልልታ፤ በተከፈተ ቁጥር የሐዲጃ ድምፅ፤ «ስምንት! ዘጠኝ! ዐሥር!» ግቢው ጅረት ሆነ። ዐሥራ አምስተኛው ላይ ከግንቡ ሆድ የድንጋይ ማቃሰት ተሰማ። ሁለቱም እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሐዲጃ መቁጠሯን አቆመች። ማቃሰቱ እንደ መጣ ሄደ፤ አወቀ ትንፋሹን ለቀቀና ዐሥራ ስድስተኛውን መታ።

ሃያ አራተኛው ሲከፈት አወቀ በስንጥቁ ላይ ሌላ ጄሶ ለጠፈ። ሁሉም በሩ ላይ ተሰብስበው ጠበቁ። የቀትሩ የዙህር አዛን ከመስጊዱ ተሰማ፤ ጄሶው እንዳለ ነው። ሴቶቹ ሰግደው ተመለሱ፤ ጄሶው እንዳለ ነው። ከአፍንጫዎቹ የሚወጣው ውኃ ከቀይ ወደ ጠይም፣ ከጠይም ወደ ጠራ ተለወጠ። አወቀ ቱንቢውን ዳግመኛ አወረደ፦ ሦስት ጣት። አልጨመረም፤ አልቀነሰም።

«ቆሟል!» ሲል ድምፁ እንደ ወጣት ሰው ድምፅ ነበረ። «ሐዲጃ፣ ቤትሽ ቆሟል! ሠርጉን ግን ከቤቱ ፊት ለፊት አድርጉት፤ ከግንቡ ራቁ። መካከሉን ጥቅምት ሲገባ አፍርሼ እንደገና እሠራዋለሁ።»

በማግስቱ ያስሚን ከደጅ በተተከለው ድንኳን ተዳረች። ፎቶ አንሺው «በንጹሑ በኩል ቁሚ» ቢላትም እምቢ አለች። ከድንኳኑ ጠርዝ ላይ ሆና፣ ሃያ አራት ቦታ የተቦረቦረውና ውኃ የሚዝረበረብበት ግንብ ከሩቅ ከኋላዋ እንዲታይ አደረገች። «ያተረፈኝ እርሱ ነው» አለች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሙሽራዋ ከተሸኘች ወዲያ፣ አወቀ ከረጢቱን ሲያነሣ ኡዘይር እጁን ያዘው።

«ወዴት ነው?»

«ያልጠየቅኋቸው አምስት ግንቦች አሉ።»

«ጀለቢያዬን ለውጬ ልምጣ፤ ጠብቀኝ።»

አምስቱንም አብረው ጠየቁ፤ አምስቱም ያንጠባጥቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለድንጋይ ግንብ ቀለም ፈልጎ ወደ ኡዘይር ሱቅ የሚመጣ ሁሉ፣ ጣሳው ከመደርደሪያ ሳይወርድለት አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፦ «ግንብህ አፍንጫ አለው?»