ለሞተር ሳይክል የተላኩ ሽማግሌዎች

ጋሼ ደውለው፣ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በልጅሽ ጉዳይ ሽማግሌ ሆነን እንመጣለን» ሲሉኝ ልጄን ለትዳር ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ።

ልጄ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሬድመንድ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች። ምን እንደምትሠራ ሁለት ጊዜ አስረድታኛለች፤ ሁለት ጊዜም ገባኝ ብያታለሁ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ሾርላይን ነው፣ እኔና እሷ ብቻ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ሲሆን ቱክዊላ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እለያለሁ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በሥራዬ ሳይሆን በፍርሃቴ ነው። ምድጃው መጥፋቱን ለማየት ከመንገድ እመለስ ነበር፤ አሁን ልጄ መላ ስላስተማረችኝ ስወጣ ፎቶ አነሳዋለሁ። ስልኬን የከፈተ ሰው የሚያገኘው የጠፋ ምድጃ ብቻ ነው።

ቤቱን አጸዳሁ፣ ድፎ ዳቦ ደፋሁ፣ የክት ቀሚሴን ለበስኩ። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ሽማግሌ የሚመጣባት ልጅ ትንሽ እንኳ ትሽኮረመማለች። የእኔዋ ሶፋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ሲሪያል ትበላለች።

ሦስት ሆነው መጡ። ከፊት የቆሙት ጋሼ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ በእኛ ማኅበር ውስጥ ያለ እሳቸው እርቅ የማይወርድ ሰው ናቸው። ከኋላቸው አንድ ጸጉራቸው ሳሳ ያለ፣ አጭር፣ ዝምተኛ ሰውዬ አሉ፤ በየስብሰባው አያቸዋለሁ እንጂ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም። ሦስተኛዋን ሳይ ግን ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እዚያው መጋዘን አብራኝ የምትሠራው የልብ ጓደኛዬ ናት።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሽማግሌ የሆንሽው?»

«ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ።»

«በሉ ግቡ። ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸው ዳቦው ላይ እንዳለ። «ወጉን አንቺም ታውቂዋለሽ። እንግዲህ ልጅሽ ልካን ነው።»

ግራ ገባኝ። ሽማግሌ የሚልክ ወንዱ ነው። «ወደ ማን ነው የላከቻችሁ?»

«ወዳንቺ።»

«ምን ፈልጋ?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሞተር ሳይክል።»

እነሱ ቆመው እኔ ተቀመጥኩ። ዓመቱን ሙሉ ስታነሳብኝ ዓመቱን ሙሉ ስጮህባት የኖርኩበት ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት ሬድመንድ መሄጃው ድልድይ ላይ መኪና ውስጥ ታስሬ እቀራለሁ፣ ሞተር ግን ብዙ ሰው ለጫነ መኪና በተለየው በካርፑል መስመር ያልፋል ትለኛለች። እኔም ወደ ሰማይ ቤትም በዚያው መስመር ነው የሚኬደው እላታለሁ። ታዲያ ልጅት በአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ ሽማግሌ ሲላክ አይታ ኖሮ፣ እናቷ ሽማግሌ መልሳ እንደማታውቅ አስልታ፣ ይህን አመጣችብኝ።

«ማሚ፣» አለች ከሶፋው ላይ፣ «በጨዋ ደንብ ነው እኮ የጠየቅኩሽ።»

ወጉ ግን ለእኔም መውጫ እንዳለው ትዝ አለኝ። የተጠየቀ ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ያጣራል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። ተነሥቼ ቀሚሴን አስተካከልኩ።

«የማን ልጅ ነው?» አልኩ።

«ማን?»

«ሞተሩ። ዘሩ ከወዴት ነው?»

ጋሼ ልጄን አዩአት። «ጃፓን» አለች።

«ጃፓን ዘመድ የለኝም። አጣርቼ ነው መልስ የምሰጠው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑ።»

ጊዜው ሐምሌ ነው፤ የሲያትል ፀሐይ የምታምርበት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየደረብኩ ዝናቡ እስኪገባ ማቆየት። ጥቅምት ላይ ያንን ዝናብ እያየ ሞተር የሚገዛ ጤነኛ የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመጡ ፍልሰታ ገብቷል። «በጾም እሺታ አይሰጥም» አልኳቸው።

«ሠርግ አይደለም እኮ ልጄ» አሉ ጋሼ።

«ሽማግሌ ሆናችሁ መጥታችሁ ሠርግ አይደለም ትሉኛላችሁ? ከመስቀል በኋላ ኑ።»

ጓደኛዬ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ይቺ ሴትዮ ዝናብ እየጠበቀች ነው።»

«እኔ?»

«አንቺ! ስልክሽን አምጪው እስቲ። ከምድጃው ቀጥሎ የአየር ትንበያ ነው የሚገኘው።»

ዝምተኛው ሰውዬ ሁለተኛውን የዳቦ ቁራሽ አነሱ።

አጣራለሁ ካልኩ አይቀር አንድ ቀን በሥራ ዕረፍቴ ወደ ሞተር መሸጫ ሄድኩ። ለልጄ አልነገርኳትም። የሄድኩት ክፉ ክፉውን ሰብስቤ ለሽማግሌዎቹ ላነብላቸው ነው። ደብተር ይዣለሁ፣ ጥያቄዬን በአማርኛ ጽፌያለሁ። ሻጯ ሽበታም ሴት ናት፤ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ድረስ በንቅሳት ተሞልቷል። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ «አደገኛው የትኛው ነው?» አልኳት።

«ሁሉም» አለችኝ።

ወደድኳት። እንዲህ አድርጎ እውነቱን የሚነግር ሻጭ ገጥሞኝ አያውቅም። ልጄ ልትጀምር ነው ስላት ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ታስረዳኝ ጀመር። የመጀመሪያ ሞተር ትንሽና ቀላል ይሁን። ስትቀመጥበት ሁለቱም እግሯ ሙሉ በሙሉ መሬት ይንካ። ድንገት ሲያዝ ጎማውን የማይቆልፍ ፍሬን ይኑረው። አዲስ አይሁን፤ ጀማሪ ሁሉ አንድ ቀን ቆሞ ሳለ ይጥለዋልና ያገለገለ ይሻላል። ከሁሉም በላይ፣ አለች፣ በሚያምረው እንዳትጀምር።

እየጻፍኩ ሳለ አንድ ነገር ገረመኝ። ክፉ ላገኝ መጥቼ የምጽፈው ሁሉ ልቤ ውስጥ የነበረውን ነው። እኔ ልጄን ስንት ዓመት ቀስ በይ፣ ከፍ አትበይ፣ እግርሽን እዪ ስላት የኖርኩት ይኸው ትምህርት ኖሯል።

«መቀመጥ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ አንዱ ትንሽ ሞተር ላይ ወጣሁ። ሁለቱም እግሬ መሬት ነካ። አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የተቀመጥኩት። ሻጯ ግን በዚያች ደቂቃ ሌላ ሰው አስተናግዳ ተመለሰች።

በሳምንቱ የልጄን የታጠበ ልብስ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ላስገባ ስል ከክረምት ካፖርቷ ጀርባ ሄልሜት አገኘሁ። አዲስ ነው፣ ወረቀቱ እንኳ አልተነሳለትም። አልጋዋ ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ ሽማግሌው ለይስሙላ ነው። እኔ ቀጠሮ ስሰጥ እሷ ትሸምታለች። ዛሬ ሄልሜት ከተደበቀ ነገ ሞተሩ ይደበቃል። ወጣች ገባች የማላውቅ ሴት ልሆን ነው፤ ብትወድቅ እንኳ የሚደውልልኝ የማላውቀው ሰው ነው። ሞተሩ ካስፈራኝ ይልቅ ይህ አስፈራኝ።

ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አጠለቅኩት። የአገጩ ማሰሪያ ሁለት ቀለበት አለው። አሰርኩትና ልፈታው ብስበው ይባስ ጠበቀ። ወዲህ ብለው ወዲያ ብለው አልፈታ አለ። ጎረቤት ልጥራ? በዚህ ጭንቅላት በር አንኳኩቼ ፖሊስ ሊያስጠሩብኝ! ለእራት የሚከተፍ ሽንኩርት ደግሞ ይጠብቀኛል። ቁጭ ብዬ ከማለቅስ ብዬ የሄልሜቱን የፊት መስታወት ዘጋሁና ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። እውነት ለመናገር፣ በሕይወቴ ያለ እንባ ሽንኩርት የከተፍኩት ያን ቀን ነው።

ሽንኩርቱን እያቁላላሁ በሩ ተከፈተ።

«ማሚ?»

«እንኳን ደህና መጣሽ።» ድምፄ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ። «ክሎዜቴን ከፍተሻል?»

«ልብስሽን ላስገባ ብዬ ነው።»

«እሱን ልብስ ነው ብለሽ ነው ያጠለቅሽው?»

«አንቺስ ከእኔ ለምን ደበቅሽው?»

ሽንኩርቱ ማረር ጀመረ። ምድጃውን አጠፋችና ወደ እኔ ዞራ፣ «ቀና በይ» አለችኝ። ድሮ ካፖርቷን ስቆልፍላት የምላት ቃል ናት። ጣቶቿ አገጬ ሥር ገብተው ሲታገሉ ትንፋሿ መስታወቱን አደበዘዘው።

«ሄልሜቱን የገዛሁት፣» አለች፣ «መጀመሪያ ሄልሜት ግዢ እንደምትዪኝ ስለማውቅ ነው።»

«ሞተሩንስ?»

«አልገዛሁም። መግዛት እችል ነበር፣ ገንዘቡ የራሴ ነው። ግን አንቺን ደብቄ መንዳት አልችልም። ሳልነግርሽ ብሞት—»

«ዝም በይ!»

«—ትገድዪኛለሽ።»

ሄልሜቱ ወለቀ። ጸጉሬ ቆሞ ቀረ፤ ስታየኝ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ልቆጣ አሰብኩና እኔም ሳቅሁ። ያን ማታ ወጡ የቃጠሎ ሽታ ነበረው፤ ሁለታችንም ሳናነሳው በላነው።

በማግሥቱ ራሴ ጋሼ ጋ ደወልኩ። መስቀል አልደረሰም። የተጠየቀች እናት ሽማግሌ ስትጠራ በእኔ የተጀመረ ይመስለኛል። ሦስቱም መጡ። ደብተሬን ገልጬ አነበብኩላቸው። አንደኛ፣ ኮርሱን ተምራ ፈቃዱን ታወጣለች። ሁለተኛ፣ ሞተሩን እኔ ሳላየው አይገዛም። ሦስተኛ፣ ሬድመንድ ስትደርስ ሄልሜቷን ከማውለቋ በፊት ደርሻለሁ ብላ ትጽፍልኛለች።

«ጥሎሹ ከበደ» አሉ ጋሼ።

«ልጅቷም ቀላል አይደለችም።»

«ማሚ፣ ሄልሜት አድርጌ ስልኩ ፊቴን አያውቀውም።»

«ቁጥሩን ንኪ። ሄልሜት ሳታወልቂ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ።» ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አልገባውም።

ፈቃዷን ካወጣች በኋላ ለመምረጥ ወጣን። መጀመሪያ ዓመቱን ሙሉ በስልኳ ስታሳየኝ የኖረችው ቀይ ሞተር ጋ ወሰደችኝ። እውነትም ያምራል። ወጣችበትና ከላይኛው መደርደሪያ ሰሃን እንደሚያወርድ ሰው በጣቷ ጫፍ ቆመች። ከአፌ ቃል አልወጣም። ግራ ቀኝ ዘመም ብሎ ሲከብዳት አየሁ፤ አሁንም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል። ራሷ ወረደች።

ሁለተኛው ቱክዊላ አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት ቤት ነው። ሽማግሌዎቹም ልክ እንደ ወጉ አብረውን ሄዱ። ሞተሩ ትንሽ ነው፣ ቀለሙ የሰናፍጭ ነው፣ ቀኝ ጎኑ ተፍቋል። «ወድቋል» አልኩ። መምህርቷም፣ «አንዴ ጥዬዋለሁ፣ እዚሁ በር ላይ፣ ቆሞ ሳለ» አለች። ከዚያ ዘይት የተቀየረበት ቀን ሁሉ በእጅ የተጻፈበት ደብተር አወጣች። የማን ልጅ ነው ብዬ የጠየቅኩት ያን ጊዜ ተመለሰልኝ።

«አስቀያሚ ነው፣ ማሚ።»

«ተቀመጪበት እስቲ።»

ተቀመጠች። ሁለቱም እግሯ መሬት ላይ ተዘረጋ። በዚህ መሀል ዝምተኛው ሰውዬ በርከክ አሉና ሰንሰለቱን በጣታቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«አልላላም፣» አሉ፣ «ደህና ነው።»

«ይናገራሉ እንዴ!» አለች ጓደኛዬ።

ልጄ ያንኑ ገዝታ በሞተር ሥራ በሄደችበት የመጀመሪያ ቀን በመኪናዬ ተከተልኳት። ጓደኛዬን ከጎኔ አስቀምጬ፣ የአደጋ መብራቱን አብርቼ፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ ቀስ እያልኩ። ከኋላ ክላክስ ይነፋሉ። «ሠርግ ነው እኮ፣ እነሱም ያጅቡ» ትላለች ጓደኛዬ። ልጄ በየመብራቱ በመስታወቷ ታየኛለች። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ግራ እጇን አንዴ አነሳችና በካርፑል መስመር ሄደች። እኔ መኪና መሀል ቀረሁ። ስልኬ እስኪጮህ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። «ደርሻለሁ። ሄልሜት አላወለቅኩም።» ፎቶም ላከችልኝ። ከምድጃዎቹ መሀል አሁን አንድ ሄልሜት አለ።

በሁለተኛው እሑድ በሩ ተንኳኳ። ዝምተኛው ሰውዬ ናቸው፣ ብቻቸውን። ልጄ ሶፋው ላይ ሲሪያሏን ይዛለች።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም፣» አሉ። ባርኔጣቸውን ያገላብጣሉ። «ሽማግሌ እንዲሆኑልኝ ነው የመጣሁት። ወደ ባለቤቴ።»

«ምን አጠፉ?»

«ሞተር አለኝ። ወንድሜ ጋራዥ ውስጥ፣ ዓመት ሆነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስብሰባ የምሄድ ይመስላታል።»

ከካፖርት ጀርባ የተደበቀው ሄልሜት በዓይኔ ላይ መጣ። ሚስትየዋም ልክ እንደኔ አንድ ቀን ልብስ ልታስገባ ትሄዳለች። ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔ የተመኘሁት ዓይነት ቀዩ ነው?» አለቻቸው።

«ቀዩ ነው።»

ደብተሬን ከመሳቢያው አወጣሁና አዲስ ገጽ ገለጥኩ።

«እሄዳለሁ፣» አልኳቸው፣ «ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሲቀመጡበት ሁለቱም እግርዎ መሬት ይነካል?»

ጫማቸውን አዩ።

«አንዱ» አሉኝ።