አስር ሳንቲ ሜትር ጠጠር

የሰፈሩ ሰው ባለ ሜትሯ ይላታል። ከቤት ስትወጣ ቦርሳዋ ውስጥ ማበጠሪያ ቢጠፋ ሜትር አይጠፋምና ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ባሏ ግቢ አስዋቢ ነው። አበባ ይተክላል፣ ድንጋይ ይደረድራል፣ ጭቃ ያስቸገረውን ግቢ ጠጠር ያለብሳል። እጁ ወርቅ ነው፤ ሂሳብ ላይ ሲደርስ ግን እንዳላጠና ተማሪ ጭንቅላቱን ያካል። ስለዚህ ከተጋቡ ጀምሮ መለካቱም መገመቱም የእሷ ድርሻ ሆነ። ስንት ኪዩብ ጠጠር ይገባል፣ ጠጠሩ ስንት ያወጣል፣ ለመኪናው ስንት፣ ለሚበትኑት ሠራተኞች ስንት፤ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ለደንበኛው ይደግመዋል።

ቀናተኛ መሆኗን አትክድም። ባሏ ዳቦ ቤት ቆይቶ ከመጣ ዳቦው ትኩስ መሆኑን በእጇ ነክታ ታረጋግጣለች። የባሏ እህት ስትስቅባት "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች። እሱም ለምዶታል፤ እንዲያውም በልቡ ደስ ይለው እንደሆነ እንጃ፣ አንድም ቀን ተቆጥቷት አያውቅም።

ያ ሁሉ ግን ፋርማሲስቷ እስክትደውል ድረስ የጨዋታ ያህል ነበር።

ፋርማሲስቷ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በቅርቡ አባቷን ይዛ አዲስ ቤት ገብታለች። አባትየው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ የሚሄዱት ባለ አራት እግር ምርኩዝ እየገፉ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ግቢው ይጨቀያል፣ እሳቸውም ደጋግመው ወድቀዋል። ግቢውን ጠጠር ለማልበስ ፈልጋ የግቢ አስዋቢውን ስልክ ከሰው ተቀብላ ደወለች እንጂ የሚመጣው ማን እንደሆነ አላወቀችም።

ባልና ሚስቱ ደርሰው በሩን ስትከፍት ባልየውን ትኩር ብላ አየችው።

"ድንቡሼ? አንተ ነህ?" አለችው።

ባልየው ረጅም፣ አጥንቱ የሚቆጠር ሰው ነው። ድንቡሼ የተባለው በልጅነቱ ጉንጩ ኳስ አክሎ ሳለ ነው፤ ያኔ እሱና ፋርማሲስቷ አንድ አጥር የሚለያቸው ጎረቤቶች ነበሩ። ባለ ሜትሯ ይህን ስም በትዳር ዘመኗ ሁሉ ሰምታው አታውቅም። ባሏ ሲስቅም ሰማችው። እንዲያ ያለ፣ ከሆድ ተነስቶ ትከሻ የሚነቀንቅ ሳቅ እንዳለው አታውቅም ነበር። 

ወንበር ወጣ፣ ሻይ መጣ። ሁለቱ የድሮ ሰፈራቸውን ቤት ለቤት እየዞሩ ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ የማን ልጅ የት ደረሰ ይባባሉ ጀመር። ባለ ሜትሯን ቅመሺ ያላት የለም፤ ሻይዋን ሳትነካ ተነሳች፤ የሜትሩን ጫፍ በድንጋይ ተጭና ብቻዋን መለካት ያዘች። ፋርማሲስቷ አየቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሠራተኛህ ናት?" አለችው።

"እሷማ እጄ ናት" አለ ባልየው፣ ሳቁ ገና ከፊቱ ሳይጠፋ።

ባለ ሜትሯ ሰምታለች። ሚስቴ አላለም።

ቤቷ ገብታ ለመገመት ተቀመጠች። ነገሩ ከባድ አልነበረም። ግቢው ርዝመቱ አስራ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ ዘጠኝ ነው፤ የአበባው መደብ ሲቀነስ መቶ ካሬ ሜትር ግድም ይቀራል። ሰው ለሚራመድበት ግቢ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር ይበቃል። ይህ ሲሰላ አምስት ኪዩብ ነው፤ ለሚጠቀጠቀውና ለሚባክነው አንድ አሥረኛ ሲጨመርበት አምስት ተኩል። በእንቅልፍ ልቧ የምትሠራው ሂሳብ ነው።

እርሳሷን እንደያዘች ያ ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣባት። አምስት ሳንቲ ሜትሩን አስር አደረገችው። አምስት ተኩል ኪዩቡ አስራ አንድ ሆነ፤ መኪናው በአንድ ምልልስ የሚያደርሰው ሁለት ምልልስ ወጣው፤ የሠራተኞቹም ቀን ጨመረ። ዋጋው እጥፍ ሆነ። ሐሳቧ ሴትዮዋ ደንግጣ ትተወዋለች፣ ሌላ ባለሙያ ትፈልጋለች፣ ያም በር በዚያው ይዘጋል የሚል ነበር።

ባልየው ግምቱን አይቶ አልበዛም ወይ ብሎ ጠየቃት። መሬቱ ጭቃ ስለሆነ ግማሹን ይውጠዋል አለችው።

"አንቺ ካልሽ" አለና ስልኩን አነሳ። እንዲህ ማመኑ ወጋት፤ ቢሆንም ቁጥሩን አላስተካከለችም።

ፋርማሲስቷ ዋጋውን ሰምታ እሺ አለች። ቀንሱልኝ እንኳ አላለችም።

ይሄ ደግሞ ከሁሉ ባሰ። ጠጠር ላይ የማይከራከር ሰው ባለ ሜትሯ አይታ አታውቅም፤ ፎቅ በፎቅ ላይ የደረበ ሀብታም እንኳ ጠጠር ላይ ሲደርስ እጁ ያጥራል። ታዲያ ይቺ ሴት ለማን ብላ ነው ዝም ያለችው? በማግስቱ ባልየው ጢሙን ተላጨ። አድጎ አሳከከኝ አለ፤ እውነቱን ይሆናል። እሷ ግን ምላጩን እያየች ቁርሷን ትታ ተነሳች። ሥራው ቦታ እስከ መጨረሻው መቆየት ልማዷ አልነበረም፤ ያን ሰሞን ግን እንደ መዥገር ተጣበቀችበት።

ጠጠሩ መጣ። ገልባጩ መኪና አንዴ ደፋ፣ ተመልሶ ደግሞ ደፋ። ሠራተኞቹ በአካፋ በተኑት። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ግራጫ፣ ደልዳላ፣ ጭቃ የሚባል ነገር የማያውቅ ግቢ መስሏል። ፋርማሲስቷ ሥራ ላይ ነበረች። ባልየው ውጭ ከሹፌሩ ጋር ያወራል።

አባትየው አዲሱን ግቢ ለማየት ጓጉተው ወጡ። ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱና ምርኩዛቸውን ወደ ፊት ገፉት። ምርኩዙ ሰመጠ። ነቅለው እንደገና ቢገፉት የባሰ ሰመጠ። የራሳቸውም እግር ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ገባ። እንደምንም መሃል ግቢው ላይ ሲደርሱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ማለት አቃታቸው፤ ምርኩዙ ወደ ጎን ማዘንበል ጀመረ። ባለ ሜትሯ የያዘችውን ወርውራ ሮጠች። ጠጠሩ እግሯን ወደ ኋላ እየጎተተው ደርሳ ብብታቸው ስር ገብታ ደገፈቻቸው።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ ባሕር ነው" አሏት። ሊቀልዱ ፈልገው ነው፤ ከንፈራቸው ግን በድንጋጤ ነጥቶ ነበር።

ደረጃው ላይ አስቀምጣቸው፣ ጫማቸውን አውልቃ ጠጠሩን ስታራግፍ ፋርማሲስቷ በበሩ ገባች፤ ባልየው ከኋላዋ። አባቷን አየች፣ ግቢውን ረገጥ አድርጋ አየች። ይህን ያህል የሚያሰምጥ ጠጠር ይገባል ያለው ማነው ብላ ባልየውን ጠየቀችው። እኔ ነኝ አላት።

ባለ ሜትሯ የሽማግሌውን ጫማ እንደያዘች ቀና አለች።

"እኔ ነኝ። አምስት ሳንቲ ሜትር ይበቃ ነበር። አስር ያልኩት ተወዶብሽ እንድትተዪው ብዬ ነው።"

ሠራተኞቹ ያልሰሙ መስለው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ሚስቱ መሆኗም መቅናቷም ለፋርማሲስቷ ወዲያው ገባት። ከአባቷ ጎን ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ውሸት አልነግርሽም" አለቻት። "ያልተከራከርኩት እሱን በማየቴ ደስ ብሎኝ ነው። እዚህ ቤት ሳቅ ከተሰማ ቆይቷል። ከዚያ ያለፈ ነገር በልቤ የለም። ይሄን ያህል ግን አለ።"

 ባለ ሜትሯ በሐሰት ጠረጠርሽ ቢሏት ይቅርታ ትጠይቅ ነበር፤ ልክ ነሽ ቢሏትም ትጣላ ነበር። ይሄ ግን መሃል ላይ ያለ ነገር ነው፤ ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን ጫማ መልሳ አጠለቀችላቸው።

ጠጠር ሻጩ የተበተነ ጠጠር መልሼ አልወስድም አለ። ባልና ሚስቱ ከድካማቸው ክፍያ የትርፉን ጠጠር ዋጋ ቀነሱላት፤ ትርፉንም አካፋ በአካፋ አንስተው ወደ ራሳቸው ጓሮ አጋዙት።  ባልየው ቤት ገብተው እጃቸውን ሲታጠቡ ነው አዋረድሽኝ ያላት፤ አንድ ሽማግሌ በእኔ ሥራ ሊሰበር ነበር አላት። እውነት መሆኑን ታውቃለች። ስለሌላው ግን ጠየቀችው።

"ሠራተኛህ ናት ስትልህ ለምን ሚስቴ ናት አላልካትም?"

እጄ ናት አልኳት እኮ አለ፤ ለእሱ ከዚያ የሚበልጥ ምስጋና አልነበረም።

"እጅ ሰው አይደለም" አለችው። "እጅ ሻይ ቅመስ አይባልም።"

ፎጣውን ይዞ ቆመ።  ያን ቀን አጥፍቻለሁ አላለም፤ ሳይጠየቅ ግን ስለ ድሮ ሰፈሩ ያወራላት ጀመር። ስለ ጉንጩ፣ ስለ አጥሩ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ስለሚቀባበሉት ማንጎ። ስትሰማ ያቃጥላታል፣ ካልሰማች ደግሞ የባሰ ያቃጥላታል፤ ቀጥል አለችው።

ከክረምቱ በኋላ ሽማግሌው ራሳቸው ደወሉ። ከቤቱ እስከ ጓሮው ሎሚ ዛፍ የምታደርስ ቀጭን መንገድ ፈልገው ነበር፤ የጠሩትም እሷን ነው። ባልየው ሌላ ሥራ ስለነበረው ብቻዋን ሄደች። የሜትሩን ሌላ ጫፍ የያዘችላት ፋርማሲስቷ ናት። ብዙ አላወሩም። ሁለት ኪዩብ የማይሞላ ጠጠር ነበር፤ ፋርማሲስቷ ዋጋውን ስትሰማ ወገቧን ይዛ ተከራከረች፣ የመኪናውንም አስቀነሰች። ባለ ሜትሯ ደስ እያላት ቀነሰችላት።

ወዳጅ አልሆኑም። ባለ ሜትሯ ራሷን ሲያማት ዛሬም መድኃኒት የምትገዛው ከሌላ ፋርማሲ ነው፤ አውቶቡስ ተሳፍራ። መንገዱን ለክታ ያን ቀን ቤት ስትመለስ ባልየው ሽማግሌው እንዴት እንደሆኑ ጠየቃት። ሳይወድቁ እየሄዱ ነው አለችው። ስለ ልጃቸው አልጠየቀም፤ እሷም ለምን እንዳልጠየቀ እያሰበች ራቱን አቀረበችለት።