ሙመድ ያስቆረጠው ማር

አባቴ አብዲቃድር ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ጆንያ ሲሸከም ያያችሁት ሁሉ ኩሊ ሆኖ የተወለደ ይመስላችሁ ነበር። አቦ፣ ምን አውቃችሁ። ሰውዬው ንብ አናቢ ነበር። ከአገራችን ከዋሂል በላይ ካለው ገደል አፋፍ ላይ ያሉት ግራሮች የአያቱ ናቸው። እኛ ጋ ቀፎ የሰቀለ ሰው ዛፉ የሱ ነው፤ ልጁም ይወርሰዋል። ይህን የማያውቅ የለም። ጎረቤታችን ሙመድም ያውቃል፤ ያደገው ከእጃችን ማር እየበላ ነው።

በደርግ ጊዜ ይኸው ሙመድ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆነ። ሰዉን ነቅለው አዲስ መንደር ሲያሰፍሩ "ግራሮቹም ቀፎዎቹም ከእንግዲህ የሕዝብ ናቸው" ብሎ አባቴን አባረረው። ድሬዳዋ ገብተን ደቻቱ ወንዝ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየን። አባቴ ከፊራ ጆንያ መሸከም ጀመረ። እኔም ሙመድን ሳልረግም የዋልኩበት ቀን የለም።

በዓመቱ ሙመድ ቤታችን ድረስ መጣ፤ አያፍርም። ትልልቅ እንግዶች ሊመጡበት ነው፣ ንቦቹ ደግሞ ሰው አላስጠጋ ብለዋል። አባቴን በኔ በልጁ ስም እየጠራ "አባ ሳሕራ፣ ካንተ ሌላ ማር የሚቆርጥልኝ የለም" አለ። አባቴ "እሺ" ሲለው ደሜ ፈላ። ሽርጡን አጥብቆ፣ ሸምበቆ ቆራርጦ ይዞ ሄደ።

አባቴ ማር ሲቆርጥ ለንቦቹ ስንቅ ይተዋል፤ እጭ ያለበትንም አይነካም። መሪያቸው አውራው ቢሞት ሌላ የሚያሳድጉት ከዚያ እጭ ነው፤ አውራ የሌለው ቀፎ ይበተናል። ሙመድ ግን ገበታው እንዲሞላለት "ሙልጭ አድርገህ ቁረጥ" አለው። አባቴም ሙልጭ አደረገው። ከየቀፎው አውራውን እየያዘ ሸምበቆ ውስጥ ከተተና አፉን በጥጥ ደፈነ። እንግዶቹ ማሩን እየላሱ ሲያጨበጭቡ እሱ በጭነት መኪና ወደ ከተማ ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ ሙመድ ደጃችን ላይ ቆመ። ቀፎዎቹ ባዶ ቀርተዋል፤ አለቆቹ ደግሞ ማር አምጣ ብለው ወጥረው ይዘውታል። "ምን አደረግህብኝ? ወላሂ ያስሩኛል" አለ።

አባቴ ሸምበቆዎቹን ከጣሪያው ስር አወረደና ሙመድ መዳፍ ላይ አራገፈለት። የደረቁ አውራዎች ናቸው።

"እኔ ሊቀመንበሮቹን ብቻ ነው ያነሳሁት" አለው። "ዛፉም ቀፎውም አለልህ።"

ሙመድ ሲታሰር እልል አልኩ። ይበለው፤ ዛሬም እላለሁ። አባቴ ግን የአያቱን ንብ በገዛ እጁ ጨርሷልና አብሮኝ አልሳቀም። እስኪሞት ድረስም ማር አልቀመሰም።