የሸጊቱ ምላስና እግር

ሸጊቱ በዳባት ከተማ ስልክ ቤት አገናኝ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበሯ አትነሳም። ሰው "ቶሎ አገናኚን እንጂ!" ባላት ቁጥር ቁጣዋ ይገነፍላል። ቤቷ ስትገባ በተናገረችው ታዝናለች፤ "ሁለተኛ አልቆጣም" ትላለች፤ በማግስቱ ግን ያው ናት።

አንድ ክረምት፣ ስልክ የተደወለላቸውን ሰዎች ከየቤታቸው የሚጠራውን ተላላኪ፣ ክንዴን፣ እግሩን ወለም አለው። ሸጊቱ እሱን ስልኩ ዘንድ አስቀመጠችና ጥሪውን ራሷ ታደርስ ጀመር። ዳገቱ መጀመሪያ ትንፋሽ አሳጣት፤ ኋላ ግን ለመደችው፤ እንዲያውም ይናፍቃት ጀመር።

አንድ ቀን ቄስ ወልደ ገብርኤል ጎንደር ካለች ልጃቸው ጋር ሲነጋገሩ መስመሩ ተቋረጠ።

"አንቺ ነሽ የቆረጥሽብኝ!" ብለው ጮኹባት።

ክንዴ የሚመጣውን ፈርቶ አንገቱን ደፋ። ሸጊቱ ከአፏ የደረሰውን ቃል ዋጠችው።

"አባቴ፣ አረፍ ይበሉ፤ እንደገና እሞክርልዎታለሁ" አለች።

ቄሱ ተገርመው "ልጄ፣ ምን አገኘሽ?" አሏት።

"እግሬን ሳፍታታ ልቤም ተፍታታ መሰለኝ" ብላ ሳቀች።

ክንዴ እግሩ ሲሻለው ሸጊቱ ፈራ ተባ እያለች፣ "ጠዋት ጠዋት ጥሪውን እኔው ላድርስ?" ብላ ጠየቀችው።

"እሰይ! እኔንም ከዳገቱ ገላገልሽኝ" አላት።