የዝምታ ከረሜላ

በ1954 ዓ.ም. ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሰልባጅ እነግድ ነበር፤ ከባሕር ማዶ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣ፣ ሌላ ሰው ለብሶ የጣለው ኮትና ካፖርት ማለት ነው። ሱቅ አልነበረኝም። መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ አንዲት የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ልብሱን የምሰቅልበት ገመድ ነበረኝ። ሚስቴ በዚያ ዓመት መጀመሪያ በተስቦ ሞተች። የቀረችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ አምስት ዓመቷ ነበር። የምተዋት ሰው ስላልነበረኝ ይዣት እውል ነበር።

ይህቺን ልጅ አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። የምጽፈውም እሱን ነው። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ ወዲህ ስለሆነ አሳምሬ አልጽፍም፤ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ልጅቷ ለፍላፊ ነበረች። እናቷን በቀበርን ሰሞን እንኳ አላቆመችም። ችግሩ መልፍለፏ አልነበረም፤ እውነት መናገሯ ነው። ገዢ ይመጣል፣ ካፖርት ያነሳል፣ አሥር ብር እለዋለሁ። እናቴ ትሙት በዘጠኝ ነው የገዛሁት ብዬ እምላለሁ። እሷ አግዳሚው ላይ እግሯን እያወዛወዘች፣ «አባዬ፣ በአራት አልነበር እንዴ?» ትላለች። ሰውየው ይስቃል። እኔ አልስቅም። በአምስት ይዞት ይሄዳል።

ከጎኔ ባርኔጣ የሚሸጥ ጎረቤት ነበረኝ። ይህቺ ልጅ ያንተ አይደለችም፣ ማዘጋጃ ቤት ነው የላካት እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ለገዢዎቼም፣ ዋጋ ከአባትየው አትጠይቁ፣ ዳኛዋ እዚያ ተቀምጣላችኋለች ይላቸዋል።

ሁለት ነገር አደረግኩ። ከዓረቡ ሱቅ ከረሜላ ገዝቼ ኪሴ ከተትኩ። ገዢ መጥቶ እስኪሄድ ድረስ አንድ ቃል ካልወጣት አንድ ከረሜላ እሰጣታለሁ። ከተናገረች ደግሞ ቁንጥጫ፤ ገዢው እንዳያይ በጋቢዬ ሥር፣ ጭኗ ላይ። ጭካኔ አይመስለኝም ነበር። እኔም ያደግኩት በቁንጥጫ ነው፤ ያውም ለእኔ ከረሜላ የሰጠኝ የለም።

በሳምንቱ ገባት። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ማንም አላስተማረኝም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። ከረሜላው ወጪው ሲበዛብኝ መሰሰት ጀመርኩ። ለአንዱ ገዢ ሰጥቼ ለሦስቱ እከለክላታለሁ። ዝምታዋን ትተወዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጭራሽ ባሰባት። የትኛው ገዢ ከረሜላ ይዞላት እንደሚመጣ ስለማታውቅ ለሁሉም ዝም አለች። ገዢ በሌለበትም ዝም አለች፤ ማን ያውቃል ብላ ይሆናል። ቁንጥጫውም እንደዚያው ነው። መቆንጠጤን ከተውኩ በኋላ እንኳ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ካስገባሁ፣ ለማከክም ቢሆን፣ ጭኗን ትሰበስባለች።

ንግዱ ተቃና። ቤት ስንገባም መናገር ተወች። እውነቱን ለመናገር እኔም ደክሞኝ ስለምገባ ጸጥታውን ወድጄው ነበር።

አንድ ዓርብ ቀን ባርኔጣ ሻጩ ለጁምዓ ሶላት ሄደ። እኔም ዳቦ ልገዛ ብድግ አልኩ። ብዙ አልቆየሁም። ስመለስ ትልቁ ካፖርት፣ ከቦንዳው ሁሉ ምርጡ የነበረው፣ ከገመዱ ላይ የለም። ልጅቷ በቦታዋ ተቀምጣለች። ማን ወሰደው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና መዳፏን ዘረጋችልኝ።

ሰውየው መጥቷል፣ ሰውየው ሄዷል፣ እሷ አልተናገረችም። በእሷ በኩል ሥራዋን ሠርታለች። ከኪሴ ከረሜላ አወጣሁና መዳፏ ላይ አኖርኩት። ለምን እንደሰጠኋት እስከ ዛሬ አላውቅም። አልተቆጣሁም፣ አላዘንኩም። ገመዱን እያየሁ ዳቦዬን በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ላናግራት ሞከርኩ። ተናገሪና ሁለት እሰጥሻለሁ አልኳት፤ ወጥመድ መሰላት መሰለኝ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። አንድ ቀን ደግሞ ትናገር ብዬ ቆነጠጥኳት። ስትናገር የቆነጠጥኳትን ልጅ ዝም አልሽ ብዬ ቆነጠጥኳት። አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ጠበል ውሰዳት አለኝ፤ ወሰድኳት። ያ ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ ሲወርድባት እንኳ ድምፅ አላወጣችም። ባርኔጣ ሻጩም ማሾፉን ትቶ ልጅህን ምን አበላሃት ሲለኝ ከረሜላ አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ግንቦት ላይ አዲስ ቦንዳ ከመጋዘን ለማውጣት ጠዋት ጠዋት ወረፋ መያዝ ነበረብኝ። በዚህ ምክንያት ልጅቷን ጭድ ተራ አንዲት የወሎ ሴት ዘንድ እያስቀመጥኩ መሄድ ጀመርኩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጭድ በሸክም የሚሸጡ፣ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጡ ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ዝምተኛ ልጅ ናት፣ አታስቸግርዎትም ብዬ ተውኳት።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ወረፋው ቶሎ ደረሰኝና ቀድሜ መጣሁ። ከጭዱ ክምር ወዲህ ማዶ ሳለሁ የልጅ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ አላወቅኩትም። አንድ ባለጋሪ ጭድ ሊገዛ ይከራከራል፤ እትዬ ከሠላሳ አምስት ሳንቲም አልወርድም ይላሉ።

«ለትናንቱ ሰውዬ በስሙኒ ሸጠውለት የለ?» አለች ልጅቷ።

እትዬ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ወላሂ ይህቺ ልጅ ታደኸየኛለች አሉና ጭዱን በስሙኒ ሰጡት። እሷ አላበቃችም። የፈረሱን ስም ትጠይቃለች፤ ለምን አንድ ጆሮው ተቀደደ ትላለች፤ ባለጋሪው መልሶ ሳይጨርስ ሌላ ታስከትላለች። በዚያ ሁሉ ወራት ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ትንሽ ጎርነን ብሏል።

ከክምሩ ዞሬ ብቅ አልኩ። «ፈረሱ ሲተኛ ቆሞ ነው ወይስ…» ብላ ስታየኝ እዚያው ላይ አቋረጠች።

ባለጋሪው ሲሄድ ቤት ቃል አይወጣትም፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምትናገረው ብዬ እትዬን ጠየቅኳቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አሉኝ። ቤት እንደማታወራ በምን ልወቅ፣ ዝምተኛ ናት ስትለኝ አባት ልጁን ሲያሞግስ ነው ብዬ እንጂ አሉ። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። እትዬ እሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ምን አድርገሃት ነው አንተ?»

ነገርኳቸው። ከረሜላውንም፣ ቁንጥጫውንም፣ የካፖርቱንም ነገር። ጭድ ከቀሚሳቸው ላይ እየለቀሙ ሰሙኝ።

«አብሽር፣ ምላሷ ደህና ነው» አሉኝ። «ዝም የምትለው ላንተ ብቻ ነው።»

አላመንኳቸውም። ግትር ሰው ነኝ። ሦስት ቀን ከክምሩ ጀርባ ቆሜ አዳመጥኩ። ታወራለች። ስለ እናቷ ታወራለች፤ እናቷ ጸጉሯን ስትሠራት የምትላትን ቃል በቃል ለእትዬ ትነግራቸዋለች። ለእኔ እናቷን አንድ ቀን አንስታልኝ አታውቅም። በሦስተኛው ቀን የጭዱ ብናኝ ጉሮሮዬን ያዘኝና ሳልኩ። ድምፅዋ ተቆረጠ። ሳሌን ታውቀዋለች። ዞሬ ሳያት ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጭና ተቀምጣለች፤ የምቆነጥጥበት ቦታ ላይ።

እትዬን ለብቻቸው ጠርቼ እርስዎ ዘንድ ትኑር አልኳቸው። ልጅ እንደ ጭድ በሸክም ይሰጣል እንዴ አሉኝ። ቀለቧን እንደማላጓድል ነገርኳቸው። እሱ አይደለም አሉ።

«እየመጣህ ታያታለህ?»

«ከመጣሁ ዝም ትላለች» አልኳቸው።

 ነጠላቸውን አስተካከሉና እሺ፣ ነገ አምጣት አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ቀሚሷን፣ የእናቷን ማበጠሪያና ብርድ ልብሷን ጠቅልዬ ይዣት ወጣሁ። ጭድ ተራ መግቢያ ላይ ጥቅሉን አሸከምኳትና እጇን ለቀቅኩት። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ታውቀዋለች። ቆሜ አላዳመጥኩም። ወደ ቦታዬ ተመልሼ የአዲሱን ቦንዳ ገመድ በቢላ ቆረጥኩ፤ ኮቶቹን አንድ በአንድ እያራገፍኩ ሰቀልኳቸው።