የመስኮቱ ምስክር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን ቀለል ያሉትን ኃጢአቶች ነበር የምመርጥላቸው።

ያን ጊዜ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የምሠራው ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ነበር። አንድ ከሰዓት፣ በፖሊስ ጥይት የሞተ ጥቁር ወጣት ፎቶ የያዙ ሰልፈኞች ከቢሮዬ መስኮት ሥር ቆሙ። የቆሙት የእግረኛ መንገዱ ላይ ነው፤ ማንም ወደ አስፋልቱ አልወረደም። ፖሊስ ያለ ማስጠንቀቂያ በዱላ በተናቸው። ሁሉንም አየሁ። ክንዷ የተሰበረው ዘይነባ ነበረች፤ አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከብ፣ እኛ ሕንፃ ላይ የምትኖር የወሎ ልጅ።

ሰልፈኞቹ የፌዴራል ፍርድ ቤት ፖሊስን ሰልፍ በዱላ ከመበተን እንዲያግድላቸው ከሰሱ። ፖሊስ «መንገድ ዘግተው ነው» አለ። ከሰልፈኞቹ ውጪ የሆነ ምስክር ተፈለገ። ዘይነባ ፓርኪንግ ላይ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ መስኮቱ ላይ አይቼሃለሁ እኮ።»

«ስልክ እያወራሁ ነበር፤ ምንም አላየሁም።»

«ፊትህን መስታወቱ ላይ ለጥፈህ ነው ስልክ የምታወራው?»

የዜግነት ቃለ መጠይቄን እየጠበቅሁ ነበር። እኛ ስደተኞች ዘንድ ዜግነት የሚጠብቅ ሰው ለምስክርነት እንኳ ፍርድ ቤት ደጅ አይደርስም፤ «ፋይልህ ይነካካል» ይባላል። ሕጉ እንዲህ እንደማይል አንብቤ አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ዋሸሁ? ያነበብኩትን ትቼ ወሬውን ስለፈራሁ።

ዳኛው ወሰኑ፦ በቂ ማስረጃ ሳይቀርብ የፌዴራል ፍርድ ቤት በከተማ ፖሊስ ሥራ እጁን አያስገባም። እኔም በምጽፍበት የአማርኛ ጋዜጣ ላይ፣ ዳኛው ከሥልጣናቸው ባለማለፋቸው አመሰገንኳቸው። ሁሉም ፍርዱን ሲያማ እኔ ብቻ ደገፍኩ፤ ደፋር ተባልኩ። ማስረጃው እኔ ነበርኩ። ራሱን ደብቆ «ማስረጃ የለም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምን ይባላል?

የዘይነባ ክንድ እንደ ቀድሞው አልሆነም። በሽተኛ ማንሳት ሲያቅታት ሥራዋን ለቀቀች። የያዘችው ግሪን ካርድ ብቻ ነበር፤ የሚነካካ ፋይል እሷም ነበራት።

ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ «ጽሑፍህን አነበብኩት» አለችኝ። «ጥሩ ነው። መስኮቱ ብቻ ቀርቷል።»

ዜግነቴን አገኘሁ። ስለ ሕሊናም ብዙ ጻፍኩ። ዳኛው በቀረበላቸው መዝገብ ትክክል ነበሩ ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ መዝገቡን ያጎደልኩት ግን እኔ ነኝ። መስኮቱ ላይ ነበርኩ። አየሁ። አላየሁም አልኩ። ይቅርታ የምጠይቀው አንተን አንባቢዬን አይደለም፤ እሷ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የእኔን ጽሑፍ ማንበብ ትታለች።