በጥርስ ሳሙና የታሸው ሳንቲም

አባቴ የድሮ ሳንቲም ነጋዴ ነው፤ ውሸታምም ነው። የብር ሳንቲሙን ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ጣሳ ውስጥ ይከድነዋል። በሁለት ቀን ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ ሲወጣ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ይሄ ቀለም በዕድሜ የመጣ ነው" እያለ ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። ሱቁ ውስጥ አብሬው ስለምሠራ እኔ አውቃለሁ። ቤት ሲገባ ግን ስለ ሥራው ትንፍሽ አይልም፤ እናቴ ሳንቲም ሲጠቁር ዋጋ እንደሚያወጣ እንኳ አታውቅም ነበር።

እጁን ያላሳረፈበት አንድ ሳንቲም ብቻ ነበረው። አያቴ በወረቀት ጠቅልለው ያወረሱት፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ በራሱ ጊዜ የጠቆረ። እናቴ ታማ አልጋ ላይ በዋለችበት ሰሞን፣ ላስደስተው ብላ ያንን ሳንቲም በጥርስ ሳሙና ፈትጋ መስታወት አስመሰለችው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ስልሳ ዓመት እኮ ነው ያጠፋሽው!" ብሎ ጮኸባት።

"እንዲያምርልህ ብዬ ነው" አለችው።

አኮረፋት። በአራተኛው ቀን፣ እንዳኮረፋት ሞተች።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ባለፈው ሳምንት ሳንቲሙን ከመሳቢያ አውጥቶ ሲያየው ደረስኩበት።

"ከእንቁላል ጋር ብትከድነው እኮ ሁለት ቀን አይፈጅም" አልኩት።

አፈጠጠብኝ። "ይሄኛውን እጠብቀዋለሁ።"

ጠጋ ብዬ አየሁት። ጠርዙ ላይ የመጥቆር መጀመሪያ የሆነች ትንሽ ቢጫ ብቅ ብላለች። ሌላው እናቴ እንደተወችው ያበራል።

አባቴ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው።